ረጅም የሥራ ሰዓት ለስኳር በሽታ ዳርጎኛል ብሎ አሠሪን መክሰስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ ከአራት ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። የምሳ ዕረፍትን ሳይጨምር በቀን 11 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን እሠራለሁ። በቅርቡ ባደረግሁት ምርመራ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ከፍ ያለ የደም ቅባት ተገኝቶብኛል፤ ሐኪሜም የሥራ ሰዓቴን እንድቀንስ መክሮኛል። ጉዳዩን ለአለቃዬ ሳስረዳ፣ ትርፍ ሰዓቱን ክፍያ እየተቀበልኩ ወድጄ የሠራሁት መሆኑን፣ በሽታውም ከአመጋገብ እንጂ ከሥራ የመጣ አለመሆኑን ነገረኝ። ከዚያም የሰው ሀብት ክፍሉ «ትርፍ ሰዓት የምሠራው በፈቃዴ ነው፤ በጤናዬ ላይ ለሚደርሰው ጉዳት ድርጅቱን አልጠይቅም» የሚል ወረቀት እንድፈርም ሰጠኝ። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ? ሰዓት እንዲቀነስልኝ በመጠየቄስ ሊያሰናብቱኝ ይችላሉ? ወረቀቱን ብፈርም ምን ይከተላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ የሚሠሩበትን አገር ስላልገለጹ መልሴን የመሠረትኩት በአብዛኞቹ አገሮች የሥራ ሕግ ውስጥ በሚገኙት መርሆዎችና በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ላይ ነው፤ የይርጋውን ጊዜ (ጥያቄ ወይም ክስ ማቅረብ የሚቻልበትን የጊዜ ገደብ)፣ የክፍያውን ስሌትና አቤቱታ የሚቀርብበትን አካል በሚመለከት ግን የአገርዎን ሕግ ማየት ግድ ይላል። አስተያየቴን በቅድሚያ ለመግለጽ ያህል፣ ጉዳዩን «ሥራው አሳመመኝ» በሚል የካሳ ክስ እንዲጀምሩ አልመክርዎትም። ክርክርዎ የሚጠነክረው አሠሪው በሕግ ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ማሠራቱን፣ እንዲሁም ሕመምዎን ካወቀ በኋላ አንዳች ማስተካከያ አለማድረጉን መሠረት ሲያደርግ ነው።

ይህን የምልበት ምክንያት የሕክምናው ዕውቀት ከጎንዎ ስላልቆመ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ ዕድላቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር በሽታ የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ይላል። የእርስዎ የሥራ ሳምንት 66 ሰዓት ነው። እንቅልፍ ሲያጥር ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ እንደሚዳከም፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልና እራትን አምሽቶ መብላትም የደም ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ ሐኪሞች የሚስማሙበት ነገር ነው። ይሁን እንጂ ከላይ የጠቀስኩት ጥናት የሚናገረው ስለ ስትሮክና ስለ ልብ እንጂ ስለ ስኳር በሽታ አይደለም። በስኳር በሽታ ረገድ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ ከ220 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ የጥናቶች ትንተና ረጅም ሰዓት መሥራት በበሽታው የመያዝን ዕድል በ30 በመቶ ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ያሳየው በኑሮና በሥራ ደረጃቸው ዝቅተኛ በሆኑ ሠራተኞች ላይ ብቻ ሲሆን፣ ከፍ ባለ ደረጃ ላይ ባሉት ዘንድ ይህ ግንኙነት አልታየም። እርስዎ የሒሳብ ባለሙያ እንደመሆንዎ፣ የአሠሪው ጠበቃ ይህንኑ ጥናት አንሥቶ ቢከራከር አይገርመኝም።

ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ረጅም ሰዓት ብዙ ሰዎችን ያሳምማል ወይ የሚለውን አይደለም፤ እርስዎን ያሳመመዎት እሱ መሆን አለመሆኑን ነው። በቤተሰብዎ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛ ካለ፣ ዕድሜዎ ከገፋ፣ ክብደትዎም ሥራ ሲጀምሩ ከፍ ያለ ከነበረ፣ የማስረዳት ሸክሙ ይከብድዎታል። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሻሻለው በሥራ ምክንያት የሚመጡ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥም የስኳር በሽታ በስም አልተጠቀሰም፤ ዝርዝሩ ያልተጠቀሱ በሽታዎችም ከሥራው ጋር ቀጥተኛ ግንኙነታቸው ከተረጋገጠ ተቀባይነት እንዲያገኙ በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ያንን ግንኙነት ማሳየት የጠያቂው ፋንታ ነው። ከመጠን ያለፈ ሥራ ለሚያስከትለው ሞትና ሕመም ካሳ በመክፈል የምትታወቀው ጃፓን እንኳ፣ በአንድ ወር ውስጥ 100 ሰዓት ወይም ከሁለት እስከ ስድስት ባሉት ወራት በአማካይ በወር 80 ሰዓት ትርፍ መሥራትን እንደ ጠንካራ ማሳያ የምትወስደው ለአንጎልና ለልብ በሽታዎች ነው። በዚያ አገር ትርፍ የሚባለው ከሳምንቱ 40 ሰዓት በላይ ያለው በመሆኑ የእርስዎ ሰዓት ከ100 ያልፋል፤ ሕመምዎ ግን ከሁለቱ በሽታዎች አንዱ አይደለም። በሩ ፈጽሞ ዝግ ነው ማለቴ አይደለም። ሥራ ሲጀምሩ የተደረገ የጤና ምርመራ ካለዎትና የያኔው የስኳር መጠንዎ ደህና ከነበረ፣ ያ ወረቀት ትልቅ ዋጋ ስላለው በጥንቃቄ ያስቀምጡት።

የሥራ ሰዓቱን ጉዳይ ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው፣ የንግድና የቢሮ ሠራተኞችን የሚመለከተው የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 30 የሥራ ሰዓትን በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ይወስናል። ትርፍ ሰዓት የሚፈቀደው በተለዩ ምክንያቶች፣ በተወሰነ መጠንና ከመደበኛው ደመወዝ ቢያንስ አንድ ከሩብ እጥፍ ተከፍሎበት ነው፤ አሠሪው የተሠራውን ትርፍ ሰዓትና የተከፈለውን ገንዘብ መዝግቦ የመያዝ ግዴታም አለበት። አለቃዎ «ክፍያ ተቀብለሃል» ሲል የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክፍያው የተሠራው ሥራ ዋጋ እንጂ ጣሪያውን ለማለፍ የሚሰጥ ፈቃድ አይደለም፤ የሠራተኛው ፈቃደኝነትም ቢሆን በሕግ የተቀመጠውን ወሰን አያነሣም። ለአራት ዓመት ያለማቋረጥ በየሳምንቱ 18 ትርፍ ሰዓት የሚያሠራ ድርጅት ድንገተኛ ሥራ ገጠመኝ ሊል አይችልም፤ ያ የሚያመለክተው መቀጠር የነበረበት ሰው አለመቀጠሩን ነው። ይህንን ለማስረዳት ደግሞ የሕክምና ባለሙያ ምስክር አያስፈልግዎትም።

የሚያስፈልግዎት የሰዓት ማስረጃ ነው። የመግቢያና መውጫ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ መዝገብ ካለ ቅጂውን በጽሑፍ ይጠይቁ። መዝገቡ የሚያሳየው ስምንት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ይህም ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው፣ አምሽተው የላኳቸው ኢሜይሎች፣ በሒሳብ ሶፍትዌሩ ውስጥ በስምዎ የተመዘገቡ ሥራዎች ሰዓትና ቀን፣ የጥበቃው የመውጫ መዝገብና አብረዋችሁ የሚያመሹ ባልደረቦች እውነቱን ያሳያሉ። የድርጅቱን ምሥጢራዊ የሒሳብ ሰነድ ግን ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ፤ ሰዓቱን ለማስረዳት ብለው የዲሲፕሊን ጥፋት እንዳይፈጽሙ እሰጋለሁ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በሰጠው ውሳኔ አሠሪዎች የእያንዳንዱን ሠራተኛ ዕለታዊ የሥራ ሰዓት የሚለካ አስተማማኝ ሥርዓት እንዲዘረጉ ግዴታ የጣለው፣ መዝገብ በሌለበት የሰዓት ጣሪያው ሊከበር እንደማይችል በመገንዘብ ነው።

ቀጥሎ የሚያደርጉት ሕመምዎን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው። ለአለቃዎ በቃል የነገሩት ነገ «አልሰማሁም» ሊባል ይችላል፤ በቀን የተጻፈና በግልባጩ ላይ የመቀበያ ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ግን አይካድም። ከሐኪምዎ የሚያመጡት ማስረጃም በሽታውን ከሚዘረዝር ይልቅ በሥራ ላይ ሊደረግ የሚገባውን ቢናገር ይመረጣል፤ ለምሳሌ «በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ፣ የምግብና የመድኃኒት ሰዓታቸው እንዲጠበቅ፣ ለክትትል በየሦስት ወሩ ፈቃድ እንዲሰጣቸው» የሚል ሊሆን ይችላል። አሠሪው የላቦራቶሪ ውጤትዎን ሁሉ የማየት መብት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የሥራ ላይ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 አሠሪው በተቻለው መጠን ሥራው ለጤና አደገኛ እንዳይሆን የማድረግ ኃላፊነት ይጥልበታል፤ ከ2022 ወዲህም ደኅንነቱ የተጠበቀና ጤናማ የሥራ አካባቢ ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ ሆኗል። አሠሪው ደብዳቤዎ ከደረሰው በኋላ በዚያው ሰዓት ማሠራቱን ከቀጠለና ሕመምዎ ከተባባሰ፣ ከላይ አስቸጋሪ ያልኩት የካሳ ጥያቄም ያን ጊዜ መልኩን ይቀይራል፤ ምክንያቱም ክርክሩ በሽታው ከየት መጣ ከሚለው ወጥቶ፣ እያወቀ ለምን ችላ አለ ወደሚለው ይሸጋገራል።

ስንብትን በተመለከተ፣ ስምምነት ቁጥር 158 በሕመም ምክንያት ለጊዜው ከሥራ መቅረትንም ሆነ ሕግ ተጥሷል በሚል በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብን ለስንብት በቂ ምክንያት አድርጎ አይቀበልም። ይህንን ስምምነት ያላጸደቁ አገሮች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ተመሳሳይ ጥበቃ በራሳቸው ሕግ ውስጥ ያስቀመጡ አሉና የአገርዎን ይመልከቱ። በአንዳንድ ሕጎች ደግሞ ሥር የሰደደ ሕመም የሥራ እንቅስቃሴን ለረጅም ጊዜ የሚገድብ ከሆነ እንደ አካል ጉዳት ይቆጠራል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ሲወስን፣ የሥራ ሰዓትን መቀነስ አሠሪው ሊያደርጋቸው ከሚገቡ ማስተካከያዎች አንዱ ሊሆን እንደሚችል ገልጿል። በእርስዎ በኩል ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትርፍ ሰዓት አልሠራም ማለት አንድ ነገር ነው፤ ተናደው መደበኛውን ሥራ ጥሎ መሄድ ወይም የመልቀቂያ ደብዳቤ ማስገባት ሌላ ነው። ሁለተኛው ያለዎትን ጥበቃ ሊያሳጣዎት ይችላል።

ለትርፍ ሰዓት ክፍያ የሚቀርብ ጥያቄ ይርጋ በብዙ ሕጎች ከካሳ ይርጋ ያጠረ ነውና፣ በስሌቱ የጎደለ ነገር ካለ የድርጅቱን መልስ በመጠበቅ ጊዜ አያጥፉ። የሥራ ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ለእሱ አቤቱታ ማቅረብ ከክስ ይልቅ ፈጣንና ወጪው አነስተኛ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁም ጥያቄው በማኅበሩ በኩል ቢቀርብ ይሻላል።

የተሰጠዎትን ወረቀት አይፈርሙ። በሕግ የተሰጠን የጤና ጥበቃ በቅድሚያ መተው በአብዛኞቹ የሥራ ሕጎች ዋጋ የለውም፤ ነገር ግን ሰነዱ በዳኛ ፊት ሲቀርብ «ወድጄ ነው» የሚለው ቃል በእርስዎ ላይ ጥርጣሬ መፍጠሩ አይቀርም። ለማሰብ ጊዜ እንደሚፈልጉ ገልጸው ቅጂ ይጠይቁ። መቀበልዎን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ብቻ ከተጠየቁ፣ ከፊርማዎ በላይ «ደርሶኛል፤ በይዘቱ አልስማማም» ብለው በእጅዎ ይጻፉና ቀኑን ያስፍሩበት፤ ቅጂ ቢከለክሉዎት ደግሞ በዚያው ቀን የወረቀቱን ይዘት ጠቅሰው ቅጂው እንዲሰጥዎት ለሰው ሀብት ክፍሉ በኢሜይል ይጻፉ።