«ዲፕሎ» ማለት «እጥፍ» ነው

ሰላም እህቴ። «ዲፕሎፒያ፣ ዲፕሎይድ፣ ዲፕሎኮከስ፣ ዲፕሎዬ ይምታቱብኛል፤ ለፈተና እንዴት ልያዛቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ላብራቶሪ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ እኔን የረዳኝን ልንገርሽ።

መጀመሪያ «ዲፕሎ ማለት ሁለት ነው» የሚለውን ተዪው። ሁለት «ዲ» ነው። «ዲፕሎ» እጥፍ ነው። የግሪኩ ቃል ልክ እንደኛው «እጥፍ» መታጠፍንም በሁለት መባዛትንም ይይዛል። ዲፕሎማ ራሱ በጥሬው «የታጠፈ ወረቀት» ማለት ነበር። ስለዚህ ቃሉን ከቤትሽ ይዘሽው ነው የመጣሽው፤ መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ዲፕሎኮከስን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ሌሊት ተረኛነት ነው። ከአንድ ሕፃን ጀርባ የተቀዳ ፈሳሽ መጣልኝ። እንደ ውሃ መጥራት ሲገባው የሩዝ እጣቢ መስሏል። ግራም ስቴይን (ባክቴሪያን ሮዝ ወይም ሐምራዊ አድርጎ የሚለይ ማቅለሚያ) ሠርቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው፣ ነጭ የደም ሴሎቹ ውስጥ ሮዝ የሆኑ ፍሬዎች ጥንድ ጥንድ ብለው ተቀምጠዋል። ጠፍጣፋ ጎናቸውን ያስተያዩ ሁለት የቡና ፍሬዎች በይው። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ ነበር። ሮጬ ለሐኪሙ ነገርኩ። ያን ምስል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ኮከስ» ፍሬ ነው፤ ዲፕሎኮከስ ጥንድ ፍሬ። የጨብጡም ባክቴሪያ መልኩ እንዲሁ ነው። የሳንባ ምች ባክቴሪያ ግን ሐምራዊ ሆኖ ጫፉ ሾል ይላል። እሱ እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ድረስ ስሙ ራሱ ዲፕሎኮከስ ነበር፤ አሁን ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። የቆየ መጽሐፍ ካጋጠመሽ ግር እንዳይልሽ።

ዲፕሎይድን ከተቃራኒው ጋር ያዢው። ሃፕሎይድ ነጠላ፣ ዲፕሎይድ ድርብ። ሁለቱንም ቃላት በ1905 እ.ኤ.አ. ያወጣቸው ስትራስበርገር የሚባል የዕፅዋት ሊቅ ነው። የሰው የእንቁላል ሴልና የወንድ የዘር ሴል እያንዳንዳቸው 23 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚሸከም ክር) አላቸው፤ ሲገናኙ 46። አራት ድርብም አለ፣ ቴትራፕሎይድ፣ ልክ እንደ ጋቢ። ጤፋችን 40 ክሮሞሶም ይዞ፣ አረቢካ ቡናችንም 44 ይዞ እዚህ ውስጥ ነው። አብዛኛው ሌላ የቡና ዝርያ ግን ዲፕሎይድ ነው፣ 22 ብቻ።

ዲፕሎፒያ እጥፍ እይታ ነው። እናቴ አንድ ጠዋት ቡና ስትቀዳ ረከቦቱ ላይ አፈሰሰችው። «ሲኒው ሁለት ሆነብኝ» አለች። ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ መጀመሪያ ያደረገችው አንድ ዓይኗን ማስሸፈን ነው። ወዲያው ሁሉም ነገር አንድ ሆነላት። እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ደህና ያያል፣ ሁለቱ ግን አንድ ቦታ ላይ አያነጣጥሩም ማለት ነው። አንዱ ተሸፍኖም ካልጠፋ ችግሩ ከዓይኑ ከራሱ ነው፣ ለምሳሌ ከሞራ። የእናቴ ስኳሯ ዓይንን ወደ ውጭ የሚያዞረውን ነርቭ ጎድቶት ነበር። በሦስት ወር ገደማ ተመለሰላት። ግን እባክሽ፣ በድንገት የመጣ ዲፕሎፒያ ለነገ አይባልም። ስትሮክም ሊሆን ይችላል።

ዲፕሎዬ ቀላል ነው። የራስ ቅል አጥንት ሁለት ጠንካራ ንጣፍ አለው፤ በመካከላቸው ያለው ስፖንጅ መሳይ አጥንት ነው ዲፕሎዬ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ዲፕሌጂያ። ተማሪ ሳለሁ ከነዚህ ጋር ደምሬው ተሳስቻለሁ። እሱ «ዲ» እና «ፕሌጂያ» ነው፤ በሁለቱም ጎን ያለ ሽባነት። ሄሚፕሌጂያንና (የአንድ ጎን ሽባነት) ፓራፕሌጂያን (የሁለቱም እግር ሽባነት) ከጎኑ ጻፊያቸው፤ ቃሉ የት ላይ እንደሚቆረጥ ወዲያው ይታይሻል።