እግሩ ያበጠ ልጅ «ወፍሯል» አይባልም

እህቴ፣ ከከተማ ርቆ ባለው መንደራችሁ የ2 ዓመቱ የጎረቤትሽ ልጅ ክንዱ እየሳሳ እግሩና ፊቱ ግን ሞላ ማለቱ መወፈር ነው ወይስ ሕመም ብለሽ ጠይቀሻል። እኔን ያሳሰበኝ እብጠቱ ነው።

የሁለቱንም እግሮቹን ላይኛ ክፍል፣ ከጣቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያለውን፣ በአውራ ጣትሽ ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርጊና ልቀቂ። በሁለቱም ላይ ጎድጎድ ብሎ ከቀረ የከባድ የምግብ እጥረት ምልክት ሊሆን ይችላል። የተጠራቀመው ውሃ ነው፣ ስጋ አይደለም። ብዙ እናቶች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፤ ደግሞም አይፈረድባቸውም፣ ልጁ ሞላ ያለ ይመስላላ! እብጠት ባይኖርም የላይኛው ክንዱ (ከትከሻ እስከ ክርን ያለው) መሀል ዙሪያውን ይለካ። ከ6 እስከ 59 ወር ባለው ዕድሜ ከ11.5 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ከባድ ነው። ከ11.5 እስከ 12.5 ከሆነ መካከለኛ።

እግሩ ላይ ጉድጓድ ከቀረ ነገ ዛሬ ሳትሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። መንገዱ ሩቅ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ይህ የሚቆይ ነገር አይደለም። የመብላት ፍላጎት ካለውና ሌላ ሕመም ከሌለው ብዙ ጊዜ ለሕክምና የተዘጋጀ ምግብ ተሰጥቶት ቤቱ ሆኖ ይታከማል። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ግን ተኝቶ መታከም አለበት። ጡት የሚጠባ ከሆነ አታስጥሉት።