ጀሪካኑ ላይ ምን ተጽፏል? የሞተር ዘይት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ2003 ሥሪት ቪትዝ አለኝ፤ ሞተሩ 1.3 ሊትር ነው። መመሪያው 5ደብሊው-30 ዘይት ይላል። መካኒኬ ግን «ይሄ እንደ ውሃ የቀጠነ ነው፣ ለአገራችን ሙቀት 20ደብሊው-50 ነው የሚሆነው» ብሎ ሞላልኝ። ሞተሬን ይጎዳብኛል?
*አንባቢ፣ ከሰሚት*

መልስ፦ ጉዳቱ ነገ ጠዋት የሚታይ ባይሆንም አለ። ከ«ደብሊው» በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በቅዝቃዜ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ ከኋላው ያለው ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ይነግርዎታል። በዚህ ሙቀት 30 ቁጥር ዘይት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው)፣ 50 ቁጥር ደግሞ ከ16.3 እስከ 21.9 ሴንቲስቶክ ይለካል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ቢሆን የተሞላልዎት ዘይት ከሚመከረው ብዙ የወፈረ ነው ማለት ነው።

የቪትዝዎ ቫልቮች የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይ የሚሠራው በዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱም የሚያልፈው በጠባብ ቀዳዳና በደቃቅ ወንፊት በኩል ነው። ወፍራም ዘይት ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል፤ ብረት ከብረት የሚፋጨው ደግሞ በዚያች ቅጽበት ነው። ቤንዚንም በመጠኑ ይጨምራል።

መካኒክዎ ከመሬት ተነስቶ እንዳልተናገረም ማወቅ ጥሩ ነው። ለሞቃት አገሮች የታተሙ አንዳንድ የቶዮታ መመሪያዎች 15ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50ን ይፈቅዳሉ። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ብርዱን ያውቁታል። ሞተርዎ ዘይት የማይበላ ከሆነ ወደ 5ደብሊው-30 ይመለሱ። በ1,000 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ያህል የሚያስጨምር ከሆነ 10ደብሊው-40 ለጊዜው ያስታግሣል። ሆኖም ችግሩ የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ድካም ስለሆነ ወፍራም ዘይት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም።

ጥያቄ፦ ሱቁ ውስጥ «ፉሊ ሲንተቲክ»፣ «ሴሚ ሲንተቲክ»፣ «ሲንተቲክ ቴክኖሎጂ» የሚሉ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። የዋጋቸው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። በምን ልለያቸው?
*አንባቢ፣ ከአዳማ*

መልስ፦ በእነዚህ ቃላት ብቻ አይለዩም። «ሲንተቲክ» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ትርጉም የለውም። ቀድሞ በኬሚካል ቅንብር ለተሠራው፣ በተለይም ፒኤኦ ለሚባለው መሠረተ ዘይት ይውል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የአሜሪካ የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል በሁለት ታላላቅ የዘይት ኩባንያዎች ክርክር ላይ ከሰጠው ውሳኔ ወዲህ፣ ከድፍድፍ ነዳጅ ተነስቶ በሃይድሮጅን በጥልቀት የተጣራውም ዘይት በዚያው ስም ይሸጣል። ይህ ዘይት ጥሩ ነው፤ ለቤት መኪናም ይበቃል። «ሲንተቲክ ቴክኖሎጂ» የሚለው ግን ውስጡ ምን ያህል ሲንተቲክ እንዳለ ምንም አይነግርዎትም፤ ለዚያ ቃል ተጨማሪ ብር አይክፈሉ።

ጀሪካኑን አዙረው በክብ ምልክት ውስጥ «ኤፒአይ» (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም ደረጃ) የሚለውን ይፈልጉ። በ«ኤስ» የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በ«ሲ» የሚጀምረው ለናፍጣ ሞተር ነው። ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደ ዜድ በቀረበ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው፦ ኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 ወጡ። አዲሱ የአሮጌውን ሥራ ይሠራል፤ አሮጌው ግን የአዲሱን አይሠራም። ኤስፒ ያስፈለገው በተለይ ቱርቦ ባላቸው ትናንሽ ቀጥታ መርጫ ሞተሮች ውስጥ ነዳጁ ካለጊዜው እየተቀጣጠለ ፒስተን ስለሚሰብር፣ የታይሚንግ ሰንሰለቱም ቶሎ ስለሚያልቅ ነው። መኪናዎ እንዲህ ያለ ሞተር ካለው ከኤስፒ በታች አይውረዱ።

«ኤስኤፍ» የሚል ካዩ ደግሞ ጀሪካኑን ቦታው ይመልሱት። ይህ ደረጃ እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይሆን ደረጃውን ያወጣው ተቋም ራሱ ያስጠነቅቃል።

ጥያቄ፦ በውድ የገዛሁት ዘይት እውነተኛ መሆኑን በምን አረጋግጣለሁ? በቀለሙ ነው ወይስ በጠረኑ?
*አንባቢ፣ ከመርካቶ*

መልስ፦ በሁለቱም አይታወቅም። ቀለም ማቅለሚያ ነው፤ የተጣራ አሮጌ ዘይትም ወርቅ መስሎ ሊቀርብ ይችላል። መጀመሪያ ክዳኑን ይመልከቱ፦ የመቆለፊያው ቀለበት ሲከፈት ሙሉ በሙሉ መበጠስ አለበት፤ ተበጥሶ በማጣበቂያ የተያያዘ ከሆነ አይግዙ። ከክዳኑ ሥር የታሸገ ሽፋን ካለ ዳር ዳሩ እኩል የተጣበቀ ይሁን። የምርት ቀንና የምድብ ቁጥር በጀሪካኑ አካል ላይ መታተም አለበት። ይህ ቁጥር በጥፍር ሲቧጥጡት የሚለቅ ከሆነ፣ ወይም በአንድ ካርቶን ውስጥ ያሉ ጀሪካኖች ላይ ያለው የሚለያይ ከሆነ ሻጩን ይጠይቁ። አንዳንድ አምራቾች በስልክ የሚነበብ ኮድ ያደርጋሉ፤ ካለ ይጠቀሙበት።

ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ፈተናም አለ። በሁለት ትናንሽ ብልቃጦች፣ በአንዱ የገዙትን 5ደብሊው-30፣ በሌላው ርካሽ 40 ወይም 20ደብሊው-50 ዘይት ያድርጉና ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩ። የቤት ፍሪዘር ወደ 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይደርሳል። ጠዋት ሁለቱን ያዘንብሉ። እውነተኛው 5ደብሊው እንደ ማር ቀስ ብሎም ቢሆን ይፈስሳል፤ ሁለቱ እኩል ከተጋገሩ በጀሪካኑ ውስጥ ያለው 5ደብሊው አይደለም። ይህ ፈተና ዘይቱ ለሞተር የሚበጅ ቅመም እንዳለው አያሳይም፤ ወፍራም ርካሽ ዘይት በቀጭኑ ስም መሸጡን ግን ያጋልጣል።

ሁላችንም ልናደርገው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባዶውን ጀሪካን እንዳለ ለቆራሌው አትስጡ፤ በቢላ ሰንጥቁት፣ ስሙ የተለጠፈበትንም ቅደዱ። ሐሰተኛ ዘይት የሚሞላው በእኛው ንጹሕ ጀሪካን ነው።

ፊልትሮም ያው ነው። ዳር ዳሩን በተደረደሩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲያዩ የጎማ ሽፋን ሊታይ ይገባል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ዘይቱ ወደ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ማጠራቀሚያ) እንዳይመለስ የሚይዘው እሱ ነው። ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ለሁለት ሦስት ሰከንድ የሚያንቋቋ ከሆነ መጀመሪያ ፊልትሮውን ይጠርጥሩ።

ጥያቄ፦ 4 ሊትር ዘይት እገዛለሁ፤ ጋራዡ ሁሉንም ገልብጦ ይሞላዋል። ልክ ነው?
*አንባቢ፣ ከሐዋሳ*

መልስ፦ ለብዙ ትናንሽ ቶዮታዎች ልክ አይደለም። በኮሮላም ሆነ በቪትዝ ላይ የተለመደው የ1.5 ሊትር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር፣ ፊልትሮ ካልተቀየረ 3.4 ሊትር ነው የሚይዘው። አሮጌው ዘይት በደንብ ሳይንጠባጠብ ከቀረ ደግሞ ትርፉ ይበልጣል። ኮፓ ውስጥ ያለው ዘይት ከፍ ሲል ክራንክ ሻፍቱ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ የሆነ ዘይት ደግሞ ግፊት አይይዝም፣ በመተንፈሻውም ተስቦ ይቃጠላል።

ሞተሩ ሞቅ ሲል መኪናውን በደልዳላ ቦታ ላይ አቁመው በ14 ቁጥር ቁልፍ የኮፓውን ቡሎን ይፍቱ፣ 10 ደቂቃ ያህልም ይንጠብጠብ። የፊልትሮውን ጎማ በአዲስ ዘይት ቀብተው በእጅ ያጥብቁት፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃዋል። አሮጌው ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በዓይንዎ ይዩ፤ ሁለት ጎማ ከተደራረበ ዘይቱ በመንገድ ላይ ተፍቶ ያልቃል። የኮፓውን ቡሎን በአዲስ ወሸር 37 ኒውተን ሜትር ያህል ያጥብቁ፤ በረጅም ቧንቧ ተጨምሮ የሚጠበቅ ቡሎን ጥርሱን ይበላል። ከዚያ 3.4 ሊትር ሞልተው ሞተሩን ለ1 ደቂቃ ያስነሱ፣ አጥፍተው 5 ደቂቃ ይቆዩና በመለኪያው ዘንግ እያዩ እስከ ላይኛው ምልክት ያሟሉ። የተረፈው ለሚቀጥለው ጭማሪ ኮፈኑ ውስጥ ሳይሆን ቤት ይቀመጥ።

ጥያቄ፦ የሜትር ታክሲ ነኝ። ሲንተቲክ 10,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ይሉኛል። ልተማመንበት?
*አንባቢ፣ ከመገናኛ*

መልስ፦ በኪሎ ሜትር ብቻ አያስሉት፤ ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ያስሉ። በከተማ መጨናነቅ በሰዓት በአማካይ 20 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ 5,000 ኪሎ ሜትር ማለት 250 ሰዓት ነው። በረጅም መንገድ በሰዓት 80 የሚሄድ መኪና በዚያው 250 ሰዓት 20,000 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል። የእርስዎ ዘይት መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራም ይጋገራል፣ የቤንዚን ጭስም ይቀበላል። ስለዚህ ሲንተቲክ ቢሆንም በ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ፤ ቢበዛ 6,000። ቤትና ሥራ ብቻ የሚመላለስ መኪና 7,500 ወይም አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው። አቧራማ መንገድ የሚነዱ ደግሞ የአየር ፊልትሮውን በየዘይት ቅያሪው ይመርምሩት፤ በተቀደደ የአየር ፊልትሮ የገባ አሸዋን ምንም ዓይነት ዘይት አይችለውም።

ጥያቄ፦ 20 ዓመት የሠራ ሞተር ላይ ከተራ ዘይት ወደ ሲንተቲክ ብቀይር ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል?
*አንባቢ፣ ከደሴ*

መልስ፦ ሊጀምር ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ሲንተቲኩ ጎማ ስለሚበላ አይደለም። ቀድሞ የደረቀውን ጎማ ሸፍኖ የያዘው የዘይት ዝቃጭ ሲታጠብ ቀዳዳው ይገለጣል። የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ውስጡ ቡናማ ብረት ከታየ ያለ ስጋት ይቀይሩ። ጥቁር እንደ ዝፍት የረጋ ካለ፣ የመጀመሪያውን ቅያሪ ከነፊልትሮው በ2,000 ኪሎ ሜትር፣ ቀጣዩን በ3,000 ያድርጉት፤ የሚለቀው ዝቃጭ የዘይት መሳቢያውን ወንፊት እንዳይደፍነው የዘይት መብራቱን በንቃት ይከታተሉ። ሞተሩን በነጭ ጋዝ ወይም በናፍጣ እጠበዋለሁ የሚል ካለ አይፍቀዱለት። ተንጠባጥቦ የማያልቀው ትርፍ አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል፣ ኩሽኔታዎቹም ያለ መከላከያ ይቀራሉ።