ትንፋሽ ወይስ እስትንፋስ?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ እዚሁ ጎንደር የኬሚስትሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። በሰው ትንፋሽ ውስጥ ያሉ ውህዶች በማስ ስፔክትሮሜትሪ እንዴት እንደሚለዩ ለማንኛውም አንባቢ የሚሆን ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ‹ወደ ውጭ የሚወጣ ትንፋሽ› ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ‹ትንፋሽ የመንደር ቃል ነው፣ ለሳይንስ እስትንፋስ በይ› አለኝ። የቱን ልያዝ?»

መልስ፦ ትንፋሽ በይ። ጓደኛሽን ሰላም በይልኝና እስትንፋስን ለኦሪት ዘፍጥረት ይተውልን። አዳም ሕያው የሆነበት እስትንፋስ ከረጢት ውስጥ ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ማሽን ፊት አይቀርብም። ግዕዝ የሸተተ ቃል ሁሉ ሳይንስ የሚመስላቸው ሰዎች ድሮም አሉ፣ አሁንማ በዝተዋል።

ሁለቱም ቃላት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ነፋስም ነፍስም ከዚያው ሥር ነው የወጡት፤ ዐረቡ «ነፈስ»፣ ዕብራዊው «ኔፌሽ» ይላል። እስትንፋስ ከግዕዙ አስተንፈሰ መጥቶ ሰ‑ውን እንደያዘ ቀረ። ትንፋሽ ግን አማርኛ ሆኖ ሰ‑ው ወደ ሸ ዞረ። ቆረሰ ብለሽ ቁራሽ፣ መለሰ ብለሽ ምላሽ፣ ለበሰ ብለሽ ልባሽ እንደምትዪው ማለት ነው። ልብ በይ፣ እነዚህ ስሞች ድርጊቱን ሳይሆን ከድርጊቱ የተረፈውን ወይም የወጣውን ነው የሚጠሩት። ትንፋሽም ሳንባ ሠርቶበት የመለሰው አየር ነው።

ስለዚህ በእኔ ጆሮ «ወደ ውጭ የሚወጣ ትንፋሽ» ድግግሞሽ ነው። አዘዞ መንገድ ላይ ያለውን ጎሚስታ ጠይቂው፤ «ጎማው ተነፈሰ» ሲል አየር ገባበት ማለቱ አይደለም። «ትንፍሽ እንዳትዪ» ስንልም የምንከለክለው የሚወጣውን ነው። ስኳሩ ከቁጥጥር የወጣበት ሰው ደግሞ ትንፋሹ አሴቶን፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ነገር፣ ሊሸት ይችላል፤ «እስትንፋሱ ሸተተ» ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

«ተነፈሰ መግባቱንም መውጣቱንም ይይዛል» ብለው የሚሞግቱኝ አሉ። ማስረጃቸው ሐኪም ነው፤ ጆሮ ማዳመጫውን ጀርባችን ላይ አድርጎ «ወደ ውስጥ ተንፍስ» ይለናል። እኔ «አየር ሳብ» ቢለኝ ደስ ይለኛል፣ ግን የሚሰማኝ የለም። ይህን ያህል ሰው በየቀኑ እያለው ስህተት ነው ብል የምጎዳው እኔው ነኝ።

ደግሞ የአንቺው ሙያ ለእነሱ ያደላል። ሰውየው የሳበው የክፍሉ አየር የራሱ ሽታና ውህድ ስላለው፣ ተመራማሪ እሱንም ለክቶ ከሚወጣው ጋር ያነጻጽራል። መጀመሪያ የሚወጣውም የአፍና የጉሮሮ አየር ነው፤ የሚፈለገው ከሳንባ ጥልቅ የሚመጣው የመጨረሻው ነው። እዚያ ላይ «የሚገባ» እና «የሚወጣ» ብለሽ ካልለየሽ አንባቢ ግራ ይጋባል። እሺ፣ እዚያ ጻፊው። ርዕሱ ላይ ግን «ትንፋሽ» ብቻ ይበቃል።

ማስ ስፔክትሮሜትሪን «ክብደት መለኪያ» እንዳትዪው፣ ሚዛን ይመስላል። መሣሪያው ሞለኪውሎቹን ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ሰጥቶ በመጠነ ቁስና በሙል ጥምርታ ነው የሚለያቸው። እንዳለ በፊደላችን ጻፊው።

«ውህድ»ን ባልጠየቅሽኝም ልናገር። አንድ ከመሆን የመጣ ነውና፣ እንደ ተዋሕዶ፣ በሐመሩ ሐ «ውሑድ» ነው የምለው። ጥቂት የሚለውን ደግሞ በብዙኃኑ ኀ «ውኁድ» እላለሁ፤ ጥቂቱን በብዙኃኑ መጻፍ እንዴት ደስ እንደሚል! ለትንፋሽ ሁለቱም ይገጥማሉ። አሜሪካዊው ኬሚስት ሊነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1971 በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ የተቀላቀሉ ነገሮችን በሚነጣጥለው ዘዴ፣ ትንፋሽ ውስጥ 250 ገደማ ነገሮች አግኝቷል፤ ብዙዎቹ ግን መጠናቸው ከአንድ ቢሊዮን ሞለኪውል ውስጥ በጣት የሚቆጠር ወይም ከዚያም ያነሰ ነው፤ ውሑዶቹ ውኁዳን ናቸው። የትምህርት ቤት መጽሐፉ በሃሌታው ሀ «ውህድ» ብሎ ካስተማረሽ እንደዚያው ጻፊ፣ አራሚም አይነካሽም። እኔ ግን አልጽፈውም።