በመነጽርህ የሚታየው ነጭ ጉም የጋቢህ ነው

አብሽር ወንድሜ፣ መነጽርህ አልተበላሸም፤ ለመመለስም አትቸኩል። ላሊበላ ውስጥ እንግዳ ስታስጎበኝ የአብያተ ክርስቲያናቱን ንድፍ በኦግመንትድ ሪያሊቲ መነጽር (የስክሪን ምስልን ፊት ለፊት ከሚታየው ነገር ላይ ደርቦ በሚያሳይ መነጽር) እንደምታይ፣ ቤት ውስጥ ጥርት ያለው ምስል ደጅ ስትወጣ ነጭ ጉም እንደሚለብስ፣ በባልደረባህ መነጽር ደግሞ እኩለ ቀን ላይ የቀስተ ደመና ሰንበር እንደሚታይ ጽፈሃል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። ሥራዬ ደሴ ውስጥ የዓይን ሌንስ መሞረድና ፍሬም ማስተካከል ነው፤ ከሦስት ዓመት ወዲህም ለእንደነዚህ ያሉ መነጽሮች የቁጥር ሌንስ እሠራለሁ። የራሴም አንድ አለኝ።

ከሁሉ በፊት ያልተፈለገው ብርሃን ከየት እንደሚገባ እወቅ። ለዚህ መሣሪያህ እጅህ ነው። ችግሩ በሚታይበት ቦታ ራስህን ሳታንቀሳቅስ ቁም፤ መዳፍህን መጀመሪያ ከግንባርህ በላይ፣ ቀጥሎ ከጉንጭህ ሥር፣ ከዚያም በጆሮዎችህ በኩል አድርገህ ጋርድ። ጉሙ የጠፋው የትኛውን ወገን ስትጋርድ ነው? ብርሃኑ የሚገባው በዚያ ነው። ከዚያ ጨለማ ክፍል ገብተህ ያንኑ ምስል ክፈት። በጨለማ ከጠፋ ከውጭ የመጣ ነው፤ በጨለማም ካልለቀቀ መነሻው መነጽሩ ውስጥ ነው። ይህን ሳያደርጉ ገንዘብ የሚያወጡ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ያንተ መነጽር ስልክ ላይ የሚሰካና ከግንባሩ ወፈር ያለ ስለሆነ አሠራሩን መገመት አይከብድም። ትንሿ ስክሪን ከላይ ሆና ወደ ታች ታበራለች። ከዓይንህ ፊት በ45 ዲግሪ ገደማ ያዘነበለ፣ ብርሃንን በከፊል የሚያሳልፍና በከፊል የሚመልስ መስታወት አለ። እሱ የስክሪኗን ብርሃን ፊት ለፊት ወዳለው ጎድጓዳ መስታወት ይልከዋል፤ ጎድጓዳው አጉልቶ ወደ ዓይንህ ይመልሰዋል። ችግሩ ያዘነበለው መስታወት ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ነው። የላይኛው ገጽ ስክሪኗን ሲያገለግል የታችኛው ደግሞ ከደረትህ የሚነሣውን ብርሃን ተቀብሎ በቀጥታ ወደ ዓይንህ ይልካል። በላክኸው ፎቶ ላይ ነጭ ጋቢ ለብሰሃል። በላሊበላ ፀሐይ ነጭ ጋቢ እንደ መብራት ነው።

እኔ ይህን የተረዳሁት በጥር ብርድ ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ኩታዬን ደርቤ ስሠራ ጉሙ መጣ። መስታወቱን ደጋግሜ ወለወልኩ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አደረግሁ፤ ለውጥ አልነበረውም። በመጨረሻ ከጽሑፉ በስተጀርባ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ሲንቀሳቀስ አየሁ። የኩታዬ ጥለት ነበር! ከትከሻዬ ላይ ሳወርደው ጉሙ አብሮ ወረደ።

ስለዚህ በሥራ ሰዓት ከላይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ልብስ ደርብ። ይህ ብቻውን አብዛኛውን ችግር ያስወግዳል። ቀሪውን ለማጥፋት ከፍሬሙ ታችኛ ጠርዝ ላይ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ከፋይ በሁለት በኩል በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፍ። ካባ የሚሰፉ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ቁራጭ ከፋይ አይጠፋም። ከፋይ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ የሚያብለጨልጭ ጥቁር ፕላስቲክ ለጥፌ ነበር፤ ጠርዙ ራሱ አዲስ ነጸብራቅ ፈጠረ። የከፋይ ጸጉር ግን ብርሃኑን በውስጡ ያስቀረዋል። የካሜራውን ቀዳዳና የሙቀት መውጫውን እንዳትሸፍን ብቻ ተጠንቀቅ። ከመነጽሩ ጋር የሚመጣው የፊት መሸፈኛ ከፊት የሚመጣውን ብርሃን እንጂ ከሥር የሚመጣውን አይከላከልም።

የባልደረባህ ነገር ሌላ ነው። የእሱ መነጽር ቀጭን ከሆነ ምስሉን ወደ ዓይን የሚያመጡት መስታወቱ ላይ የተቀረጹ እጅግ ጥቃቅን መስመሮች ናቸው፤ በመስመርና በመስመር መካከል ያለው ርቀት ጥቂት መቶ ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ብቻ ነው። የሲዲን ጀርባ ፀሐይ ላይ ስታዘነብለው ቀለማት እንደሚፈነጥቁት ማለት ነው። መስመሮቹ የስክሪኑን ብርሃን ከፀሐይ ብርሃን አይለዩም፤ ያገኙትን ሁሉ ያጎብጡታል፣ ቀዩን አብዝተው፣ ሰማያዊውን አሳንሰው። የእኛ አገር ፀሐይ ደግሞ ከአናት ናት። ላሊበላ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ላይ ስለሆነች በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች። ነሐሴን ደመናው ይጋርደዋል፤ ሚያዝያ ግን ምሕረት የለውም። ከቤተ ጊዮርጊስ ግርጌ ወርዳችሁ 12 ሜትር ያህል ወደሚቆመው ሕንፃ ስታንጋጥጡ ፀሐይዋ ፊት ለፊት መስመሮቹ ላይ ታርፋለች። ሰንበሩ የሚብሰው ያኔ ነው።

ይህ የመስታወቱ ጠባይ ስለሆነ በጥገና አይጠፋም። አምራቾቹ መስመሮቹን ይበልጥ በማቀራረብ ለመቀነስ እየሞከሩ ነው፤ የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2024 እ.ኤ.አ. ያሳየው ኦራዮን የተባለው የሙከራ መነጽር በመስታወት ፋንታ ብርሃንን አብዝቶ የሚሰብረውን ሲሊከን ካርባይድ የተጠቀመው አንዱም ለዚህ ነው። ለባልደረባህ የሚረዳው ግን ጥላ ነው። ባለ ጥላ ኮፍያ በቂ ነበር፤ ሆኖም ወንድ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ኮፍያ አያደርግም፣ ማድረግም የለበትም። ስለዚህ ከፍሬሙ አናት ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት የሚወጣ፣ ሥሩ ከፋይ የለበሰ ካርቶን ይሥራ። የሚያስጎበኝበትን ሰዓት መምረጥ ከቻለ ደግሞ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ፀሐይን ከኋላው ያድርግ።

ፀሐይ ከኋላ ስትሆን ደግሞ የቁጥር ሌንሱ ይፈተናል፤ ይህ የእኔ ሙያ ስለሆነ አጥብቄ እናገራለሁ። ቅብ የሌለው ተራ ሌንስ በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። ከኋላህ ያለው ሰማይ በጆሮህ በኩል ገብቶ ሌንሱ ላይ ሲያርፍ የራስህን ሽፋሽፍት ሳይቀር ያሳይሃል። ጸረ ነጸብራቅ ቅብ ያለው ጥሩ ሌንስ ይህን ከ1 በመቶ በታች ያወርደዋል። ለመለየት ቀላል ነው፤ ሌንሱን ከአምፖል ሥር ያዘው። በላዩ የሚታየው የአምፖሉ ምስል ነጭ ከሆነ ቅብ የለውም፤ አረንጓዴ ወይም ሐምራዊ ካደላ አለው። ሻጩ የሚልህን ትተህ አምፖሉን እመን።

ስታጸዳው አቧራውን መጀመሪያ በአየር አራግፍ፣ ከዚያ ለሌንስ በተሠራ ለስላሳ ጨርቅ ጥረግ። በነጠላ ጫፍ አትጥረግ፤ አቧራ የያዘ ጨርቅ ይጭረዋል፣ እያንዳንዱ ጭረትም ፀሐይ ላይ ብርሃን ይበትናል። እኔ አንዱን ሌንስ በአልኮል አሽቼ ቅቡን ልጬዋለሁ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። የምታሳየው ንድፍም ነጭ መስመር በጥቁር መደብ ላይ ይሁን። በእነዚህ መነጽሮች ጥቁር ማለት ምንም ብርሃን የሌለበት ስለሆነ ድንጋዩ እንዳለ ይታይሃል።

መመለስ ያለብህ በጨለማ ክፍል ውስጥ ፊደሉ ሁለት ሆኖ ከታየህና ይህም በአንዱ ዓይን ብቻ ከሆነ ነው። ያኔ የመስታወቱ አገጣጠም ተዛብቷል፤ ስልክህን ከመነጽሩ ኋላ አድርገህ የሁለቱንም ዓይን ፎቶ አንሣና የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ ለሻጩ ላክለት። እስከዚያው የእጁን ፈተና ነገ ጠዋት ሞክረህ ጉሙ በየትኛው ወገን እንደጠፋ እዚሁ ጻፍልኝ።