ስለ ግርጌ ማስታወሻ ለጠየቅሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ስለ አራዳ ሰፈሮች ታሪክ የማስተርስ ጽሑፍ እየጻፍሽ ነው፣ እስካሁን ምንጭ የምትጠቅሺው በቅንፍ ነበር፣ አሁን አማካሪሽ «ሁሉንም ወደ ግርጌ ማስታወሻ ቀይሪው» አሉሽ፣ ከየት ልጀምር ነው ያልሽው። እኔም ስድስት ኪሎ ታሪክ ነው የተማርኩት፤ አሁን ደግሞ የተማሪዎችን ጽሑፍ አርማለሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አማካሪሽ ልክ ናቸው። በቅንፍ መጥቀስ ለመጽሐፍና ለጆርናል ይመቻል። ያንቺ ምንጭ ግን ደብዳቤ ነው፣ የማኅደር ቁጥር ነው፣ የአዛውንት ቃል ነው። ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ያገኘሽውን ደብዳቤ ከነላኪው፣ ከነተቀባዩ፣ ከነቀኑና ከነማኅደር ቁጥሩ ቅንፍ ውስጥ ብትከቺው ዓረፍተ ነገሩ እዚያው ይሞታል። ግርጌ ላይ ግን ሰፊ ቦታ አለው።

ቴክኒኩ ቀላል ነው። ወርድ ላይ ሪፈረንስ ከሚለው ውስጥ ኢንሰርት ፉትኖት ትያለሽ፣ ወይም ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍን አንድ ላይ ትጫኛለሽ። ቁጥር በእጅ እንዳትጽፊ። መጀመሪያ ስትጠቅሺ ሙሉውን፦ ደራሲ፣ ርዕስ፣ የታተመበት ከተማ፣ አሳታሚ፣ ዓመት፣ ገጽ። ከዚያ በኋላ ስም፣ አጭር ርዕስና ገጽ ይበቃል።

«ዝኒ ከማሁ»ን (ከላይ የተጠቀሰው ያው ምንጭ ለማለት የሚጻፈውን) በተመለከተ፣ እባክሽ ረቂቅ ላይ አትጠቀሚው። ቁጥሮቹ ራሳቸውን ያስተካክላሉ፣ «ዝኒ ከማሁ» ግን አያስተካክልም። አማካሪሽ «እዚህ ጋ አንድ ምንጭ ጨምሪ» ሲሉሽና ስትጨምሪ፣ ከስሩ የነበረው «ዝኒ ከማሁ» ሳታውቂው ወደ አዲሱ ምንጭ ይዞራል፤ ከአንዱ ደራሲ የወሰድሽውን ለሌላ ሰው ሰጠሽው ማለት ነው። ቺካጎ የሚባለው የአጠቃቀስ መመሪያም በ2017 እ.ኤ.አ. ከወጣው 17ኛ እትም ጀምሮ አጭሩን አጠቃቀስ ነው የሚመርጠው። ትምህርት ክፍልሽ የግድ ካለ መጨረሻ ላይ፣ ሁሉም ካለቀ በኋላ አስገቢው።

አሁን ብዙ ሰው የሚበላሽበት ጋ ደረስን፣ ስም። የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ ባሕሩ ናቸው፤ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ብለሽ ከገለበጥሽው መጽሐፉን ለአባትየው ሰጠሽ። ግርጌ ላይ ስም በተፈጥሮው ቅደም ተከተል ስለሚጻፍ ችግር የለም፤ ችግሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ዋቢ ጽሑፎችን ስትደረድሪ ነው። የኢትዮጵያን ሰው በራሱ ስም ደርድሪው፣ የፈረንጁን በቤተሰብ ስሙ። ዞቴሮ የሚባለውን ምንጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም የምትጠቀሚ ከሆነ (ነፃ ነው፣ ተጠቀሚበት) የደራሲው ስም ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጫኚና ስሙን ባንድ ሳጥን ውስጥ ሙሉ ጻፊው፣ ከዚያ በኋላ አይገለብጠውም።

ሁለተኛው ዘመን ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ ነው የምነግርሽ፣ ምክንያቱም አንባቢ ምንጭሽን ሲፈልግ የሚጠፋው እዚህ ነው። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትዪ ዓመት ብቻውን አታስቀምጪ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ፈረንጆች አዲስ ዓመት 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ወሩ የማይታወቅ መጽሐፍ ላይ 1966 ዓ.ም. ብሎ ካለና በእንግሊዝኛ የምትጽፊ ከሆነ 1973/74 ብለሽ ጻፊ፣ አንዱን ገምተሽ አትምረጪ። ላንቺ ርዕስ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሆነበትን አዋጅ መጥቀስሽ አይቀርም። በአማርኛ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ነው፣ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች ግን 47/1975 ተብሎ ታገኚዋለሽ። ያው አንድ አዋጅ ነው። ሁለት የተለያዩ አዋጆች አድርጎ የጠቀሰ ጽሑፍ አርሜያለሁ።

እትምም እዪ። ያው የባሕሩ የዘመናዊ ኢትዮጵያ ታሪክ፣ እንግሊዝኛው፣ የመጀመሪያው እትም እስከ 1974 እ.ኤ.አ. ነው የሚሄደው፣ ሁለተኛው እስከ 1991። የገጽ ቁጥር ስትጠቅሺ የትኛውን እንደያዝሽ ካልነገርሽን ገጹ ምን ይጠቅመናል?

የቃል ምንጭ ላይ ሰው ይሳሳል፣ አንቺ ግን እዚህ ላይ ለጋስ ሁኚ። ፒያሳ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ስንት ቤት እንደፈረሰ አይተሻል። አንድ አባት «ይኸ ቤት የእገሌ ነበር» ሲሉሽ፣ ስማቸውን (ፈቅደው ከሆነ)፣ የተነጋገራችሁበትን ቦታና ቀን፣ ሰፈሩ ውስጥ ከመቼ ጀምሮ እንደኖሩ ግርጌ ላይ ጻፊው። ቤቱ ያኔ ቆሞ ነበር ወይስ ፈርሶ? እሱንም ጻፊው። ነገ ሌላ ተማሪ ሄዶ ማየት ስለማይችል ያንቺ ግርጌ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚቀረው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ከፈለጉ ደግሞ አክብሪ፣ «ነዋሪ፣ አራዳ» ብለሽ ቀኑን አስቀምጪ።

በእጅሽ ያልያዝሽውን መጽሐፍ እንዳነበብሽው አድርገሽ አትጥቀሺ። ከሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ያገኘሽው ከሆነ «በእገሌ እንደተጠቀሰው» በይ፣ ነውር የለውም። መጀመሪያ ግን ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ፈልጊው፣ ብዙ ጊዜ አለ። ቻትቦት የሚሰጥሽን የምንጭ ዝርዝርም በጭራሽ እንዳለ አትቅጂ፤ የሌለ መጽሐፍ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣል፣ ፈታኝ ደግሞ አንዱን ብቻ ፈልጎ ካጣው የቀረውንም አያምንሽም።

የማኅደሩን ቁጥርና ገጹን እዚያው ስታነቢ መዝግቢ፤ «በኋላ እሞላዋለሁ» የተባለ ግርጌ ማስታወሻ ዲፌንስ ሳምንት ወመዘክር ያስሮጣል። ለማስጠረዝ አራት ኪሎ ስትሄጂም ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርገሽ ውሰጂ። ወርዱን ይዘሽ ከሄድሽ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ሲቀየር ግርጌ ማስታወሻው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገርብሻል። የአንድ ምዕራፍ ግርጌ ማስታወሻ ከጨረስሽ እዚህ ለጥፊው፣ አየዋለሁ።