ልጄ «ኢስላሞፎቢያ አጠናለሁ» ትላለች፤ ይሄ ሥራ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ታክሲ እሠራለሁ። ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ትጨርሳለች። ሕክምና ትገባለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሕግ ተምሬ ፕሮፌሰር እሆናለሁ፣ ኢስላሞፎቢያ (ሙስሊሞችን መጥላትና መፍራት) እና የሲቪል መብት ላይ ነው የምሠራው ብላ ቁጭ አለች። እኛ የደሴ ሙስሊሞች ነን። እዚህ አገር ስኖር ማንም ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። ሰው ሲሰድበን ለመቁጠር ይሄን ሁሉ ዓመት መማር ምን ይሉታል? እንጀራስ ይወጣዋል? ጣጣ ውስጥ እንዳትገባም እፈራለሁ።

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ እንኳን ደስ ያለዎት። ታክሲ እየነዱ ልጅን ኮሌጅ ማስጨረስ ቀልድ አይደለም።

ስድብ መቁጠር ያሏት ነገር ግን አልተዋጠችልኝም። ስድቡን ጋዜጠኛም ይቆጥረዋል። የሕግ ፕሮፌሰር የሚያየው መንግሥት ራሱ በማኅተምና በዳኛ ፊርማ ያደረገውን ነው።

ልጅዎ ስሙን ሳታነሳልዎት አልቀረችም፣ ኻሊድ በይዱን የሚባል የሕግ ፕሮፌሰር አለ። የዲትሮይት ልጅ ነው። ስሙን ካስጠሩለት ሥራዎች አንዱ የድሮ የዜግነት መዝገቦችን አገላብጦ የጻፈው ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1790 ጀምሮ ከውጭ መጥቶ ዜጋ የሚሆነው «ነጭ» ብቻ ነው የሚል ሕግ ነበራት። በ1870 አፍሪካውያን ተጨመሩ፣ በኋላ ሌሎችም፣ ዘር መምረጡ ጨርሶ የቀረው ግን በ1952 ነው። እና በ1942 አሕመድ ሐሰን የሚባል የመናዊ እዚያው ዲትሮይት ዜግነት ጠየቀ። ሰውየው መልኩ እንዳያስጥለው ፈርቶ፣ የጠቆርኩት በአገሬ ሐሩርና ፀሐይ ነው የሚል የምስክር ቃል ሁሉ አያይዞ ነበር! ዳኛው ከለከለው። ቆዳው ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ዓረቦች የእስላሙ ዓለም ክፍል ናቸው፣ ከአውሮፓ ክርስቲያኖች ባህል ጋር ሰፊ ገደል አላቸው ብሎ ጨመረበት። ጆርጅ ዳው የተባለ ሶርያዊ ክርስቲያን ግን በ1915 በይግባኝ ነጭ ተብሎ አልፏል። ይባስ ብሎ ከሐሰን ሁለት ዓመት በኋላ የማሳቹሴትስ ዳኛ ለሌላ ዓረብ ሙስሊም ፈቀደ። በሁለቱ ሙስሊሞች መካከል ሕጉ ውስጥ «ነጭ» የሚለው ቃል አልተቀየረም። እንግዲህ ነጭ የሚያደርገው ምን ነበር? መልክ? ሃይማኖት? የዳኛው ስሜት? ልጅዎ ልታጠናው የፈለገችው ይሄን ነው፣ እኔ በበኩሌ ከስንት ልብ ወለድ ይበልጥብኛል።

ማንም ክፉ አልተናገረኝም ላሉት፣ እሰየው። ግን እስቲ 2002 ላይ አሜሪካ የነበረ ኤርትራዊ የሥራ ባልደረባ ካለዎት ይጠይቁት። ያኔ መንግሥት ከ25 አገሮች የመጡ፣ 16 ዓመት የሞላቸው፣ ግሪን ካርድ የሌላቸው ወንዶች ኢሚግሬሽን ቀርበው አሻራ ይስጡ፣ ፎቶ ይነሱ፣ ይጠየቁ አለ። ከሰሜን ኮሪያ በቀር ሁሉም ሙስሊም የበዛባቸው ወይም ብዙ ሙስሊም ያለባቸው ናቸው። ኤርትራና ሶማሊያ ዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ፣ ኢትዮጵያ አልነበረችም። የሚታየው ፓስፖርት ስለሆነ የአስመራው ክርስቲያንም ሰልፍ ያዘ፣ እርስዎን ደግሞ ሙስሊም ሆነው ሳለ አለፈዎት። ከ80 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፣ ከ13 ሺህ በላይ የሚሆነው ከአገር የማስወጣት ክስ ተከፈተበት። በሽብር የተፈረደበት ሰው ግን አልተገኘም። ደንቡ ጨርሶ የተሰረዘው በ2016 መጨረሻ ነው።

በይዱን ይሄን ሲተነትን ግለሰብ የሚያደርሰው በደል አለ፣ የመንግሥት ሕግና አሠራር አለ፣ ሁለቱም ይመጋገባሉ ይላል። መንግሥት እነዚህን ጠርጥሩ ካለ፣ ጎረቤትም መጠርጠር ይጀምራል።

እንጀራው ጋ ልምጣ። ከኮሌጅ በኋላ ሕግ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመት ሥራ፣ በየሕግ መጽሔቱ ጽሑፍ ማሳተም (የሚያርሙት ተማሪዎች ናቸው፣ አይገርምም?)፣ ከዚያ የመምህርነት ውድድር። ቦታው ጥቂት ነው፣ ላገኘው ግን ክፍያው ከብዙ የዩኒቨርሲቲ ዘርፍ ይሻላል። ደግሞ ሁሉም ከመንግሥት ጋር ሲጋፋ የኖረ አይደለም። ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምረው ሳሃር አዚዝ ከማስተማሯ በፊት የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብት ክፍል አማካሪ ነበረች። ውስጡን አይታ ነው የምትጽፈው።

ፕሮፌሰርነቱ ባይሳካ እንኳ ሕጉ ያበላታል። ሳማንታ ኢላውፍ የምትባል የ17 ዓመት ልጅ ኦክላሆማ ውስጥ አበርክሮምቢ ልብስ መደብር ልትቀጠር ሄዳ ሻሽ ስላደረገች ብቻ ቀረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2015፣ 8 ለ1 ተፈረደላት። ፍርዱን የጻፈው ወግ አጥባቂው ዳኛ ስካሊያ ነው፣ ልብ ይበሉ። በ2023 ደግሞ እሑድ አልሠራም ያለ ክርስቲያን የፖስታ ሠራተኛ በዚያው የ1964 የሲቪል መብት ሕግ ተከራክሮ፣ ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለሃይማኖተኛ ሠራተኛ የሚደላ ውሳኔ ሰጡ። ስለዚህ ልጅዎ ይሄን ሕግ ካወቀች የጁምዓ ሰዓት የተከለከለውም፣ የጥምቀት ዕለት ፈቃድ ያጣውም ደንበኛዋ ነው።

ጣጣው? አለ፣ አልዋሽዎትም። በዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው ስድብ ይደርሰዋል፣ አባርሩልን የሚል ደብዳቤ ለዩኒቨርሲቲው ይጻፍበታል። ቴንየር የሚሉት ቋሚ የመምህርነት መብት ካገኙ በኋላ በቀላሉ አይባረሩም፣ እስከዚያ ያሉት ዓመታት ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ።

እኔን ቢያስጨንቀኝ ዕዳው ነው። የሕግ ትምህርት ክፍያ ወገብ ይሰብራል። ለመግቢያ ፈተናው በደንብ ትዘጋጅ፣ ነጥቧ ከፍ ካለ ስኮላርሺፕ የሚሰጡ አሉ። ዋሽንግተን ያለውን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲን አትለፈው፣ የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ተርጉድ ማርሻል የወጣው ከዚያ ነው፣ ከቤት እየተመላለሰች መማርም ትችላለች። የሥራ ቦታ አድልዎን የሚመለከተውን ኮርስ ሳትወስድ እንዳትጨርስ ይንገሯት።